ሐኪም ያላወቀው እግር

ሠርኬን ቀኝ እግሯ ከከዳት ሦስት ወር ሆነ። አትክልት ተራ ቲማቲም ስትለቅም ድንገት የባዕድ ሰው እግር ይሆንባታል፤ ብትቆነጥጠው አይሰማም፤ ሲያሻው ደግሞ እሳት ይለቅባታል። የደሟም፣ የአከርካሪዋም፣ የጭንቅላቷም ምርመራ «ነፃ ነሽ» የሚል ውጤት አመጣ። ነፃ በተባለች ቁጥር ታለቅሳለች።

አማቷ እትዬ አበራሽ ደግሞ ቆርጠዋል። «ወረቀቱ የሥጋ በሽታ ነው ካለ ትታከሚያለሽ። ካላለ ሁለት ሱባዔ ጠበል ትገቢያለሽ፤ ሕፃኑ እኔ ጋ ይቆያል።» ሕፃኑ ገና አራት ወሩ ነው፤ ከጡቷ በቀር የቀመሰው የለም።

ዶክተር መቅደስ ውጤቶቹን ደጋግማ አገላበጠች።

«ሕመምሽ እውነት ነው። እያስመሰልሽ አይደለም።»

«እንግዲያው የሥጋ ነው ብለው ይጻፉልኝ፣ ዶክተር።»

«የነርቭ ጉዳት አላገኘሁም።»

«የአእምሮ ነው ማለት ነው?»

«ለዚያም ማስረጃ የለኝም። ያላወቅሁትን አውቃለሁ ብዬ አልጽፍም፣ ሠርኬ።»

ዶክተሯ ወረቀቱን ጻፈች። እትዬ አበራሽ ከበሩ ገባ ብለው «ምን ይላል?» አሉ።

«ምክንያቱ ያልታወቀ የእግር መዛል። የነርቭም የአእምሮም ሐኪም ይያት።»

«አልታወቀም? እኛ እናውቀዋለን! መሣሪያ አይቶ የሚሸሽ መንፈስ ነው፤ ጠበል ነው የሚይዘው።»

«እናቴ፣ እንደዚያ ማለቴ አይደለም! ጠበሉም ይሁን፣ ግን ቀጠሮዋን…»

«ደግ ልጅ ነሽ፤ አልዋሸሽንም» አሉና የዶክተሯን ግንባር ሳሙ።

ወደ ጠበሉ ሊሄዱ አብነት ሰፈር ታክሲ ሲሳፈሩ የሠርኬ እግር ደረጃውን እምቢ አለ።

«ኧረ ቶሎ በሉ፣ መንገድ ዘጋን!» አለ ወያላው።

እትዬ አበራሽ የሠርኬን አገጭ ይዘው ዓይን ዓይኗን አዩ። «ማን ነህ? ከየት ያዝካት? ተናገር!»

«እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ! ሠርኬ ነኝ። ልጄ ይራባል፣ ቤት ልግባ።»

«ሰማችሁ? በስሟ ይለፈልፋል!»

ተሳፋሪዎቹ አማተቡ። ሠርኬ ሌላ ቃል ፈለገች፤ የምትለው ሁሉ የእሷ እንደማይባል ገባትና አፏን ዘጋች።

«አሁን ደግሞ ተሸሸገ» አሉ እትዬ አበራሽ። ሁለት ሰዎች ከውስጥ ክንዷን ይዘው ጎተቷት። ወያላው በሩን ዘጋው።