መብራት ያዥዋ

«ለቅሶ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ይዘጋ» አለ የእድሩ ዳኛ ሽጉጤ፣ ገና በሩ ላይ ቆሞ።

ኤርጎጌ ከፍራሹ ቀና ብላ አየችው። ባሏ ዱካሞ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በስደት አገር፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ያለው ቤታቸው ከሳሎን እስከ ግቢው በር በሰው ተሞልቷል። ልጇ ሶልያና ግን ጥቁር ሻሿን እንዳሰረች፣ ጥግ ላይ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ አጎንብሳለች።

«ማን ነው የሚዘጋው?» አለች ኤርጎጌ።

«እትዬ፣ ወግ ነው። በአባት ሐዘን ሥራ አይሠራም። ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ይኸው እየበላ ነው። ሲጠግብ ይበል።»

ወዲያ የተቀመጡት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

«ጋሽ ሽጉጤ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ካልላክሁ ሥራዬን አጣለሁ» አለች ሶልያና ዓይኗን ሳታነሳ።

እውነቷን ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ትንንሽ የዕቃ መኪናዎች የሚሠራ ድርጅት ለሦስት ወር ሙከራ ቀጥሯታል። የሙከራው መጨረሻ ዛሬ ነው። የደረሳት ሥራ የመኪናዋን አፍንጫ ኮምፒውተር ላይ መሥራት ነበር፤ ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎውና የፊት መብራቱ ቤት የሚገናኙበትን ጥግ። አለቃዋ ለሐዘኑ ሁለት ቀን ሰጣት፤ ሦስተኛውን ግን አልሰጣትም። ባትላሜራው አባቷም «ሲያልቅ አሳዪኝ» እንዳላት ሄደ።

«አንተ ሽጉጤ» አለች ኤርጎጌ፣ «አዲስ ብለህ ገዝተህ ልታስመርቃት ያመጣሃትን መኪና ረሳሃት?»

ሽጉጤ ጢሙን ነካካ። «አሁን እሱን ምን አመጣው?»

ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ቢሆንም ሁሉም እንደገና መስማት ፈለገ። ያን ቀን ዱካሞ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን በመኪናዋ ጎን ላይ አሳለፈና ኋለኛው በር ጋ ሲደርስ ቆመ። «ይቺ ልጅ ተገልብጣለች» አለ። ሽጉጤ የተጋበዘውን ሰው ከነምግቡ ትቶ ሻጩን ፍለጋ ሮጠ።

«ሦስት ቀን ፈለግሁት» አለ ሽጉጤ፤ ሳቁ አመለጠው። «ግን የእናንተስ ባኪ፣ ያቺ ፒክአፕ? የባትላሜራ መኪና ፓራፋንጎዋ ጎድጉዶ አሥራ አንድ ዓመት!»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አለች ኤርጎጌ፤ ፊቷን አዞረች።

ሳቁ ሲበርድ ኤርጎጌ ሶልያና እያለቀሰች እንደሆነ አየች። የአባቷ ለቅሶ አልነበረም፤ ያንን ለይታ ታውቀዋለች። ይሄ የንዴት ነው። ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠች። የላፕቶፑ ስክሪን ላይ አንድ የመኪና አፍንጫ ነጭና ጥቁር ተዥጎርጉሮ ይታያል።

«ይሄ የሜዳ አህያ ምንድን ነው?»

«የመብራት ነጸብራቅ ነው፣ እማ። ገጹ ለስላሳ ከሆነ መስመሮቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይሰበሩ ያልፋሉ። የኔ ይሰበራሉ።»

ኤርጎጌ ወደ መስመሮቹ ጠጋ ብላ አየች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዱካሞን ረጅም መብራት የያዘችው እሷ ናት። እሱ ላሜራውን ይቀጠቅጣል፣ ይሞርዳል፤ እሷ ባለ ዘንግ አምፖሉን ተሸክማ ዙሪያውን ትሄዳለች። «ከፍ፣ ዝቅ፣ ወደ ግራ» ይላል። የብርሃኑ መስመር ላሜራው ላይ ሲንሸራተት የሚሰበርበትን እሷ ታያለች። «ይሂድ» ካላለች መኪና ከጋራዡ አይወጣም። አንዴ የታክሲ ባለቤት፣ «ይቺ ጎጎ፣ ይቺ አሮጊት ምን ታውቃለችና!» ቢል፣ ዱካሞ መዶሻውን አስቀምጦ፣ «እንግዲያው ሌላ ጋራዥ ፈልግ» አለው።

ጣቷን ወደ ስክሪኑ ዘረጋች። «እዚህ ጋ ነው የተሰበረው።»

«አውቃለሁ። ሦስቱ ጠርዞች አንድ ነጥብ ላይ ይገናኙና ይጨማደዳሉ። ነጥብ እየጨመርኩ ልጎትተው ብል ባሰበት።»

«ስቱኮ እየለጠፍሽበት ነዋ። አባትሽ የተጨማደደ ጥግ ይለጥፍ ነበር? ጤነኛው ላሜራ ድረስ ዙሪያውን ቆርጦ ይጥላል። ቀዳዳው ትልቅ ይሆናል፤ ያስፈራል። ከዚያ አራት ጎን ያለው አንድ ቁራጭ ያስገባበታል።»

«ለምን አራት? ጥጉ እኮ ሦስት ነው።»

«ሦስቱ ሹሉ ላይ ይኮማተራል። በዚህ ምክንያት ከአባትሽ አፍ ስንት ስድብ ሰምቻለሁ፣ ያውም የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆኖ።»

ሶልያና እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። የለፋችበትን ጥግ ቆርጣ ጣለችው። የኮፈኑንና የፓራፋንጎውን ጠርዝ ወደ ኋላ ከረከመች፤ በተከፈተው ላይ ባለ አራት ጎን ገጽ ዘረጋች። ጠርዙ ጎረቤቱን እንዲነካ ብቻ አልተወችውም፤ የጎረቤቱን ጉብታ ተቀብሎ እንዲቀጥል አዘዘችው። የጨመረቻቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ አጠፋች፤ ጥቂት ብቻ ቀሩ። መስመሮቹ እንደ ውሃ ወረዱ።

በዚህ መሃል ለቀስተኛው ከየፍራሹ ተነስቶ ከኋላቸው ቆሟል። ኮዝሞ ሲቲ ሰፈር ሱቅ ያለው ሁሉ ድንገት ባትላሜራ ሆነ።

«አማረ።»

«የቱ ጋ? ግራው አልተጣመመም?»

«አንተ ያንተን መደርደሪያ አቅና።»

ሽጉጤ ጎንበስ ብሎ መነጽሩን አስተካከለ። «ከላይ ሦስተኛዋ... ትንሽ ደንገጥ አለች።»

ኤርጎጌ አየች። እውነቱን ነው። «ኮምፒውተር ይዘጋ ያለው ሰው ዓይኑ ደህና ነው» አለች። ሶልያና አንድ ነጥብ ገፋ አደረገች። መስመሯ ረጋች።

ሁሉም ወደ ኤርጎጌ ዞሩ። ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቴ አየች፤ አልቸኮለችም።

«ይሂድ» አለች።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል ሥራው ሄደ። መልሱ የመጣው ምሳ ሲነሳ ነው፤ ሥራው ተወዷል፣ ሰኞ እንደ ቋሚ ሠራተኛ ትግባ። አንዲት ሴት እልል ልትል ጀመረችና ያለችበት ትዝ ሲላት አፏን ያዘች።

«ጨርሺው እንጂ» አለች ኤርጎጌ። «የሰውየው ልጅ ናት።»

ሴትዮዋ ጨረሰችው።

ከሰዓት በኋላ ሽጉጤ ሲሰናበት ግቢ ከቆመችው ባኪ አጠገብ ዘገየ። «እትዬ፣ ይቺን ፓራፋንጎ ላሠራላችሁ። የጋሽ ዱካሞ መታሰቢያ ትሁን።»

«አትንካት።»

ዱካሞ መንዳት ሲያስተምራት፣ ኤርጎጌ ወደ ኋላ ስትጠመዝዝ የባኪዋ የፊት ጎን ከግቢው ምሰሶ ተላተመ። እሷ ደንግጣ መሪውን እንደያዘች ቀረች፤ እሱ ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጦ እስኪያስለው ሳቀ። ሲነሳ ጉድጓዷን በመሐረብ ወለወላት። «በሕይወትሽ ሙሉ በአውራ ጣት ስትፈርሚ ኖርሽ» አላት፣ «ይቺ ፊርማሽ ናት፤ አልፍቃትም።»

ሽጉጤ ከሄደ በኋላ ኤርጎጌ ብቻዋን ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች። መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳርፋ ቀስ እያለች አሳለፈችው፤ ፀሐይ ያሞቀው ላሜራ አንዴም ሳይጎረብጣት እጇን ወደ ፓራፋንጎው አወረደው። እዚያ ጉድጓዷን ስታገኝ መዳፏን ውስጧ አስቀመጠች፤ አላነሳችውም።