አንድ ሚሊዮን አንድ

አርባ ዘጠኝ። ሲምቦ የፈተና ወረቀቷን ገልብጣም አገላብጣም አየችው፤ ያው አርባ ዘጠኝ ነው። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ከሰኞ እስከ አርብ ሮቤ ውስጥ ኮሌጅ እያጸዳች፣ ቅዳሜና እሁድ ከልጆቿ እኩዮች ጋር ዴስክ የተጋፋችበት ሦስት ዓመት በአንድ ነጥብ ገደል ሊገባ ነው። የሰፈሩ ሰው እንደሆነ ድሮም «ከሽበት በኋላ ፊደል» እያለ ሲስቅባት ኖሯል፤ አሁንማ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ነው።

ነጥቧን የበላው አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ነው። «1,000,001 ፕራይም ነው» ይላል፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም ማለት ነው። እሷ «ሐሰት» ብላ ጻፈች። መምህር ወንዶሰን በቀይ ሰረዘው፤ መልሷን ክፍል ውስጥ ሲያነብ ደግሞ ልጆቹ ሳቁ።

በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገባች። ወንዶሰን ከሌላ ክልል የመጣ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ተነሥቶ ወንበር ሰጣት። ከሁለት እስከ ዘጠና ሰባት ያሉትን ፕራይሞች አንድ በአንድ እንደሞከረ፣ አንዱም እንዳላካፈለው አስረዳት። ከዚያ በረኪና የበላውን እጇን አየ።

«አዴ ሲምቦ፣ ግዴለም፤ አንድ ነጥብ ልጨምርልዎና ይለፉ።»

ሌላ ሰው ቢሆን መርቆት ይወጣ ነበር። ሲምቦን ግን እልህ ያዛት። ሳቁን ችላ ኖራለች፤ ይሄ ርኅራኄ ግን ከሳቁ ባሰባት።

«ማሎ፣ እባክዎ መምህር፣ ምጽዋት አልጠየቅኩም» አለች። «ዘጠና ሰባት ላይ ለምን አቆሙ?»

«ከዚያ በላይ መሞከር አያስፈልግማ።»

«ለአሥር ሺህ አያስፈልግም፤ መቶ ጊዜ መቶ እሱ ነው። ይሄ ሚሊዮን ነው፤ እስከ ሺህ መሞከር አለበት።»

ሪራ ጫካ ውስጥ ንብ አናቢ የነበረው አባቷ ቀፎ የሰቀለበትን የመጨረሻ ዛፍ ሳይወጣ «ዘንድሮ ማር የለም» ብሎ አያውቅም ነበር። እሷም ፈተናው ላይ ሌሎች ጥያቄዎችን ባዶ ትታ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስታካፍል ቆይታ፣ ከዘጠና ሰባት ቀጥሎ ያለውን ፕራይም ሞክራለች።

ጠመኔ አንሥታ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰሌዳ ሄደች። ያኔ ስታካፍል ያገኘችውን 9,901 በመቶ አባዛች፤ 990,100 ሆነ። አንድ ጊዜ ደግሞ ራሱን 9,901ን ደመረችበት። 1,000,001።

«መቶ አንድ ያካፍለዋል» አለች።

ሻይ ይጠጡ የነበሩት መምህራን ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ወንዶሰን ስልኩን አውጥቶ ሒሳቡን መታው፤ ደግሞ መታው። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶውን አንሥቶ ወረቀቷን ሊያርም እጁን ዘረጋ። ሲምቦ መዳፏን ወረቀቱ ላይ ጫነች፤ ፍንክች አላለችም።

«እዚህ አይደለም። የተሳቀብኝ ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያው ያርሙልኝ።»

ደወል ተደወለ። ወንዶሰን በሩን ከፍቶ አሳለፋትና ተከትሏት ወደ ክፍሉ ገባ። ማባዛቱን እሷ እንዳደረገችው አድርጎ ሰሌዳው ላይ ጻፈና ወደ ልጆቹ ዞረ።

«እኔ ዘጠና ሰባት ላይ ቆምኩ» አላቸው። «አዴ ሲምቦ አልቆሙም።»