ፓሎሎ በለቅሶው ሰሞን

«ሸተተኝ!» አለች ሴፊና፣ ገና ምንጣፉ ላይ ሳትቀመጥ።

ሴፊና ጎረቤት ናት፤ መረብ ጠጋኝ። ጎህ ሳይቀድ መምጣቷ ፉአቲኖን አልገረማትም። ከየመንደሩ የሚመጡት መዘምራን ሲገቡና ሲወጡ ስላደሩ ለቅሶ ቤቱ እንቅልፍ አያውቅም ነበር። የገረማት የሴትዮዋ ዓይን ነው። ያ የለቅሶ ዓይን አልነበረም።

«ምኑ ነው የሸተተሽ?»

«ባሕሩ ነዋ! ፓሎሎው ወጥቷል!»

ከሬሳ ሣጥኑ ራስጌ የተቀመጡት አክስት ሳሎታ ማራገቢያቸውን አቆሙ። «ቀስ በይ፣ አንቺ! ወንድሜ ፊት ነው የምትጮኺው? ደግሞ አንቺን የማይሸትሽ መቼ ነው? አምና ሸተተኝ ብለሽ መንደሩን ሙሉ ውኃ ውስጥ ገትረሽ ጉንፋን አስያዝሽን።»

«አምና አፍንጫዬ ታሞ ነበር፣ እትዬ ሳሎታ።» ሴፊና ጭብጧን ፈታች። መዳፏ ላይ እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ ነገር ይንፈራገጣል። «ዳር ላይ ነው ያገኘሁት። እግሬን እንኳ አላረጠብኩም።»

«ሽርጥሽ እስከ ጭንሽ ርሶ?»

በቤቱ ምሰሶዎች ላይ የአበባ ጉንጉን ሲያስሩ የነበሩት ልጃገረዶች ሳቁ። ፉአቲኖም ሳቋን በእጇ አፈነች፤ ወዲያው ግን አፈረች። አባቷ ሣጥን ውስጥ ተኝተዋል፣ ልቧ ደግሞ እንደ ሕፃን ይዘላል። ፓሎሎ፣ ያ የሚበላው የባሕር ትል፣ ከባሕሩ አለት ውስጥ የሚወጣው በዓመት አንድ ጠዋት ነው። ፀሐይ ሲነካው ይቀልጣል። ያመለጠው ሰው ዓመት ይጠብቃል።

የቀኑ ግምት ስህተት የሁሉም ነው። በየዓመቱ «በዚህ ጨረቃ ነው»፣ «የለም በሚቀጥለው ነው» እየተባለ መንደሩ ለድብድብ ይደርሳል። ዘንድሮ ግን፣ ተአምር ነው፣ ሁሉም በሚቀጥለው ብለው ተስማሙ። ስለዚህ የፉአቲኖ አባት፣ ሽማግሌው ኢዮአኔ፣ ሲሞቱ የመንደሩ አለቃ ቱኢላ ሳያመነቱ ባሕሩን ዘጉ። የተከበረ ሰው እስኪቀበር ድረስ መረብ አይጣልም፣ ታንኳ አይወጣም።

አለቃው ምሰሶ ተደግፈው ኮኮዋቸውን ይጠጡ ነበር። የሴፊናን መዳፍ አዩ፣ ወደ ምሥራቅም አዩ፣ ከዚያ ፉአቲኖን።

«ባሕሩን የዘጋሁት ለአባትሽ ክብር ነው» አሉ። «የሚከፍተውም የአባትሽ ቤት ነው። ትልቋ ልጅ አንቺ ነሽ። ተናገሪ።»

«ምን ትናገራለች?» አሉ አክስት ሳሎታ። «ፓሎሎ ያለ አበባና ያለ ሳቅ ተይዞ ያውቃል? ሬሳ ሳይወጣ አበባ አንጠልጥለን ባሕር ውስጥ ልንጨፍር ነው? አገር ምን ይለናል?»

ፉአቲኖ ስልኳን አነሳች። ወንድሟ ፌሌቲ ከኦክላንድ ሲነሳ «እኔ ሳልደርስ ምንም ነገር እንዳትወስኑ» ብሏታል። ስልኩ ዝግ ነው። አውሮፕላኑ ገና ሰማይ ላይ ነው።

አባቷ ቢሆኑ አይደውሉም ነበር። ኢዮአኔ ለማታ ጸሎት የጥሪው ዛጎል ሲነፋ ባሉበት ቀጥ የሚሉ ሰው ነበሩ። ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲሮጥ እሳቸው አንድ እግራቸውን አውቶቡስ ላይ እንዳወጡ ይቆማሉ። አንድ ቀን ሾፌሩ መሪውን እየደበደበ «አንቱ ሽማግሌ፣ ለቀብርዎም ይዘገያሉ!» አላቸው። «እስከዚያው ግን እዚህ ነኝ» አሉት፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። በአባቷ ላይ ሲሳቅ ፉአቲኖ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በኋላ፣ አድጋ አስተማሪ ከሆነች በኋላ፣ ታሮ፣ የአገሩን ጎደሬ፣ ሲነቅሉ አግኝታ ጠየቀቻቸው። «አባዬ፣ እንደዚያ ስትቆም ምን ብለህ ነው የምትጸልየው?»

«ምንም አልልም።» አፈሩን ከሥሩ አራገፉ። «እግዚአብሔር አይጠፋም፤ እዚሁ ነው። የምጠፋው እኔ ነኝ። ሐሳቤ እንደ አሳማ አጥር ዘሎ የነገ ማሳ ውስጥ ይገባል። እሄድና አመጣዋለሁ። ደግሞ አይደበደብም፤ ከደበደብሽው ይብሱን ይሸሻል።»

«ስንት ጊዜ ታመጣዋለህ?»

«እንጃ። ዛሬ ከቁርስ በኋላ መቁጠር ትቻለሁ።»

አባቷ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሰው ይመስሏት ነበር። እንዳልነበሩ የነገሯት በዚሁ ለቅሶ፣ ትናንት ሻይ ሲጠጡ፣ አክስት ሳሎታ ናቸው። ፉአቲኖ ነፍስ ሳታውቅ ትልቁ የባሕር ማዕበል መንደሩን ከመምታቱ በፊት በመንደሩ ውስጥ እንደ ኢዮአኔ የሚጨነቅ አልነበረም። ለክፉ ቀን የተከማቸ የቆርቆሮ ዓሣ፣ ለሚሠራው ቤት የተደረደረ እንጨት፣ በላዩ ቁልፍ፣ በቁልፉ ላይ ቁልፍ። ሚስቱ ፓሎሎ በወጣ ቁጥር «ና አብረን እንውረድ» ትለዋለች፤ «ለከርሞ፣ እንጨቱን ከጨረስኩ በኋላ» ይላታል። ባሕሩ መጣና እንጨቱንም፣ ዓሣውንም፣ የፉአቲኖንም እናት ወሰደ።

«ከዚያስ?» አለች ፉአቲኖ።

«ከዚያማ አዋረደን!» አክስት ሳሎታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሐዘኑ ሳይወጣ ፓሎሎው መጣ። ሰው ሁሉ ባሕሩን ፈርቶ ቤቱ ተቀምጧል። እሱ አበባ አንገቱ ላይ አጥልቆ ብቻውን ወረደ። አበባ! ዓመት ሙሉ አላናገርኩትም።» ከዚያ ሻያቸውን ፉት አሉ። «ያን ጠዋት የት እንደነበር ስጠይቀው፣ ‹የተጠራሁበት ቦታ› አለኝ። እስቲ ይኼ መልስ ነው?»

«ልጄ» አሉ አለቃ ቱኢላ አሁን፣ «ፀሐይ አይለመንም።»

የፉአቲኖ ሐሳብ አጥር ዘለለ። የቀብሩ ቀን ደረሰ፤ ከሩቅ የመጡ የለቅሶ ንግግር አድራጊዎች በትራቸውን ተደግፈው ቆመው «ባሕር ወርደው ሲጨፍሩ ነበር አሉ» ሲሉ ሰማች። ፌሌቲ ከመኪና ሲወርድ ፊቱ ጠቁሮ አየችው። ሄዳ ሐሳቧን አመጣችው። አልደበደበችውም። ጉልበቷ ሥር ምንጣፍ አለ። የሞሶኦይ አበባ ይሸታል። የአባቷ ፊት እዚህ ነው፣ አፋቸው ተገጥሟል። ከመንገዱ ማዶ ውኃው አለቱ ላይ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። አገር የሚባል ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። እነዚህ ትንፋሻቸውን ውጠው የሚያዩዋት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

«ክፈቱት» አለች።

ዛጎሉ ተነፋ። ወዲያው መንደሩ ፈላ። በር ተንኳኳ፣ ውሻ ጮኸ፣ አንዱ «መረቤ! መረቤን ማን ወሰደው?» ይላል፣ ሚስቱ «ራስህ ላይ ነው፣ አንተ ደንባራ!» ትለዋለች። በአካባቢው የነበረ ሞሶኦይ ሁሉ ለለቅሶው ተለቅሟል፤ የልጃገረዶቹ ዓይን ወደ ምሰሶዎቹ ሄደ።

«የሬሳ አበባ!» አሉ አክስት ሳሎታ።

«የአባቴ አበባ ነው፣ አክስቴ።» ፉአቲኖ ጉንጉኑን ከምሰሶው ፈትታ በጥቁር ልብሷ ላይ አጠለቀችው። «ይምጡ እንሂድ።»

«እኔ ወንድሜን ብቻውን አልተውም» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ውኃው ወገቧ ድረስ ነበር፣ ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ሴፊና እንደ አበደ ሰው ጮኸች፤ ባሕሩ ሁለመናው ሕያው ክር ሆነ። አረንጓዴው፣ ቡናማው፣ በጣቶቿ መሀል፣ በሽርጧ እጥፋት፣ ክርኗ ላይ ይተረተራል። አለቃ ቱኢላ ክብራቸውን ዳር ጥለው ባርኔጣቸውን መረብ አድርገዋል። አንዲት አሮጊት «በእጅሽ፣ በእጅሽ!» እያለች ትስቃለች። ፉአቲኖ አፍሳ ጎረሰች። ጨው፣ ባሕር፣ ሕይወት። ዕንባዋ እየወረደ ስቃ ጮኸች፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም አላወቀችም።

ምሥራቁ መቅላት ሲጀምር መዳፎቿን ሞልታ፣ ውኃውን እየረጨች ወደ ቤት ሮጠች።

አክስት ሳሎታ ማራገቢያቸውን ይዘው እንደተቀመጡ ነበሩ። ፉአቲኖ ተንበርክካ እጆቿን ዘረጋች። አክስቷ ትኩር ብለው አዩት። ብርሃኑ የምንጣፉን ጠርዝ ነክቷል።

«ቂል ሁሉ» አሉ።

ከዚያ በጣታቸው አንዲት አረንጓዴ ክር አነሡ፣ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብለው በወንድማቸው ከንፈር ላይ አኖሯት።

«ብላ እንግዲህ» ሲሉ ተቆጡት፣ «ሳይቀልጥ።»

በአውራ ጣታቸው ከንፈሩን ጠረጉለት፤ የቀረውን ከፉአቲኖ መዳፍ ላይ ጎረሱት።