አባዬ ፓርክ እያደረገ ነው

ማራቶን በደሜ ውስጥ ስላለ ልምምድ አያስፈልገኝም። ይህን ለአሠልጣኛችን ለኮቿም፣ ለጓደኛዬ ለሀሴትም፣ ካፍቴሪያ ለተሰለፈው ሁሉ ተናግሬአለሁ። «ኢትዮጵያዊ ሲወለድ መጀመሪያ ይሮጣል፤ መዳህ የሚማረው ከዚያ በኋላ ነው» ብያለሁ። ሀሴት፣ እሷም ኢትዮጵያዊት ስለሆነች፣ «ማራኪ፣ አንቺ እኮ ለአውቶቡስ እንኳ ሮጠሽ አታውቂም» አለችኝ። ቅናት ነው ብዬ አለፍኳት።

ትምህርት ቤታችን በዓመት አንዴ ሌሊቱን ሙሉ ትራክ ላይ ያስሮጠናል። ብዙው ሰው በቡድን እየተቀባበለ ነው የሚሮጠው፤ አንዱ ሲዞር ሌላው ድንኳን ውስጥ ፒዛ ይበላል። ለብቻው ሙሉ ማራቶን የሚሮጥ ግን መቶ አምስት ዙር ከግማሽ ይዞራል፤ ዙሩን የሚቆጥርለትንም ሰው ራሱ ይዞ ይመጣል። ቆጣሪ የሌለው እንደ ልቡ ይሩጥ፣ አይመዘገብለትም።

እኔ ለብቻዬ ተመዘገብኩ። ቆጣሪዬ አባዬ ነው።

ኦኬ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ማራቶኑ ጉዳዬ አልነበረም። አባዬ ሌዊስቪል ከተማ አንድ የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ነው የሚሠራው። ጠዋት እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፤ በር ላይ «በላሽ?» «ደከመህ?» ተባብለን እንተላለፋለን። ቤታችን ውስጥ ሁለት ሰዎች ነን፤ ማለቴ፣ በየተራ አንድ አንድ ነን። ሶ አንድ ሙሉ ሌሊት ወንበር ላይ ተቀምጦ እኔን ብቻ የሚያይበት ሥራ ፈለግሁለት።

እንግሊዝኛ ስቀላቅል ስለሚናደድ የነገርኩት በንጹሕ አማርኛ ነው። መስታወት ፊት ተለማምጄ ነበር። «አባዬ፣ ዓርብ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሩጫ አለብኝ፤ መጥተህ ዙር ቁጠርልኝ።» አንድ የእንግሊዝኛ ቃል የለበትም! ፊቱ በራ። «ሯጭ ማለት እንዲህ ነው፣ በሌሊት!» አለና የሰጠሁትን የዙር መቁጠሪያ ሶፋው ላይ ሆኖ ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ አመሸ፤ የዕረፍቱ ቀን ነበር።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ሳልወጣ ቀረሁ። የመነሻው መስመር ላይ ቆጣሪዎች ወንበራቸውን ደረደሩ፤ የእኔ ቦታ ባዶ ነው። ኮቿ «ቆጣሪሽስ?» አለችኝ። «ፓርክ እያደረገ ነው» አልኩ። ፊሽካው ተነፋ።

መጀመሪያ ላይ እበር ነበር። አንድ ሁለት ወንዶችን ቀድሜ ዞሬ እጄን አውለብልቤላቸዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ጎኔን ወጋኝ፤ እነዚያው ወንዶች ተራቸውን አውለበለቡልኝ። ደሜ ውስጥ የነበረው ማራቶን የት እንደገባ እንጃ።

ትራክ ክፉ ነገር ነው። መንገድ ላይ ብሮጥ ያ ባዶ ቦታ አንዴ አልፌው ይቀር ነበር፤ ትራክ ላይ ግን ዞሮ ዞሮ ይመጣል። በዚያ ላይ ቆጣሪዎቹ ሰዋቸው ባለፈ ቁጥር ስሙን ይጠራሉ። ከፊቴ ያለው ስሙ ይጠራል፣ ከኋላዬ ያለው ስሙ ይጠራል፤ እኔ ሳልፍ የሚጠራ የለም። ጣቴን እያጠፍኩ ራሴ መቁጠር ጀመርኩ። ከሠላሳ ምናምን በኋላ ጠፋብኝ።

ውሃ ልጠጣ ስቆም ደወልኩለት። ጠርቶ ጠርቶ ቮይስሜይል ገባ። ሥራ ላይ ስልካቸውን ሎከር ውስጥ ነው የሚቆልፉት። ሶ ሥራ ሄዷል ማለት ነው። ሶ ረስቶኛል ማለት ነው።

ሀሴት ከድንኳኗ አንገቷን አወጣች። «አንቺ፣ አባትሽ ፓርኪንግ ፍለጋ ኦክላሆማ ገባ እንዴ?»

«ይመጣል።»

«እኛ እንቁጠርልሽ?» ስትል ቀልድ የለባትም። ያ ነው ያናደደኝ።

«ፓርክ እያደረገ ነው አልኩሽ!» ብዬ ሮጥኩ። ማለቴ፣ አነከስኩ።

የመጨረሻው ባቡር አለፈ። ወደ ኤርፖርቱ የሚወርዱት አውሮፕላኖችም አለቁ። ድንኳኖቹ አንድ በአንድ ጨለሙ፤ ሀሴትም ተኛች። ማቆም እችል ነበር፣ ማንም አይቆጥረኝም። ግን ባቆም ወዴት ልሂድ? ቤትም ያው ነው፤ ፍሪጁ ብቻ ነው የሚያወራው። እየተራመድኩ እያለቀስኩ ዞርኩ። በላብ ላይ እንባ አይታወቅም፤ ይህን የሩጫ ጥቅም ኮቿ ነግራን አታውቅም።

ከዚያ የሜዳው አጥር የብረት በር ተንኳኳ። ብርቱካናማ የዌርሃውስ ሰደርያ የለበሰ ሰው ተጣጣፊ ወንበር በክንዱ አንጠልጥሎ እየሮጠ ገባ። አንገቱ ላይ መቁጠሪያው ተንጠልጥሏል።

«ደረስኩ!» አለ አባዬ ቁና ቁና እየተነፈሰ። የጨለሙትን ድንኳኖች አየና ፈገግ አለ። «እሰይ፣ ገና አልጀመራችሁም!»

ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። «አባዬ! አሥር ሰዓት ነው እኮ ያልኩህ!»

ሰዓቱን ወደ መብራቱ አዞረው። «ታዲያ? አሥር ሰዓት ነዋ። ሱፐርቫይዘሬን ለምኜ፣ ሺፍቴ ሳያልቅ ወጥቼ፣ በመቶ ነድቼ ነው የመጣሁት። ሯጭ ድሮም የሚነሳው በአሥር ሰዓት ነው፣ ወፍ ሳይንጫጫ።»

መስመሩ ላይ ያለውን ትልቁን ሰዓት አየሁ። አራት ይላል። አራት። የእሱ አሥር። የእኔ የፈረንጅ አሥር ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ያ ሁሉ ንጹሕ አማርኛ!

«ከማታ ጀምሬ እየሮጥኩ ነው» አልኩት።

ፈገግታው ጠፋ። «ብቻሽን?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ወንበሩን ባዶው ቦታ ላይ ዘረጋ፣ ተቀመጠ፣ ጫማዬን አውልቆ እግሬን ጭኑ ላይ አድርጎ ያሽልኝ ጀመር። መቁጠሪያው ዜሮ ይላል። እስኪነጋ ሙሉ ማራቶን እንደማይደርስ ሁለታችንም እናውቃለን።

ለቅሶዬን ስጨርስ አፌ ተመለሰ። አፍንጫዬን ጠርጌ ጫማዬን አሰርኩ። «ችግር የለም፤ ከአንድ ቁጠርልኝ። እንደገና እሮጠዋለሁ። ኢትዮጵያዊት አይደለሁ እንዴ?»

«ኢትዮጵያዊትማ ብትሆኚ» አለ አባዬ መቁጠሪያውን እያነሳ፣ «አሥር ሰዓት መቼ እንደሆነ ታውቂ ነበር።»