የቅበላ ከሰል

ጌታሰው አባቱን ሥጋ ለማብላት የቀረው ጊዜ ያችው የቅበላ እሑድ ብቻ ነበረች። በማግስቱ ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ቄስ ወልደኪዳን ደግሞ ጾም ከገባ በኋላ ሐኪም ቢለምናቸው፣ ጳጳስ ቢያዛቸው ሥጋና ወተት በአፋቸው የሚያዞሩ ሰው አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንኮበር ላይ ሲቀድሱ ኖረው አንድም ጾም ገድፈው አያውቁም። ደብረ ብርሃን ልጃቸው ቤት ከመጡ ወዲህ ግን ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል፣ አንገታቸው ቀጥኗል፣ የእጅ መስቀላቸው እንኳ የከበዳቸው ይመስላል። ሐኪሙ ደም አንሷቸዋል ብሏል። «ሥጋ ይብሉ፣ እንቁላል ይብሉ፤ ካልበሉ ግን…» አለና ነገሩን ሳይጨርሰው ቀረ። ሐኪም ነገሩን ሳይጨርስ ሲቀር ጤነኛው ሰው እንኳ ይታመማል፤ ጌታሰው ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረውም።

የምግብ ፍላጎት አጣሁ ነው የሚሉት ሽማግሌው። የሚወስዱት አጥሚት ብቻ ነው፤ እሱንም ቀጠን ተደርጎ። እንጀራ ሲቀርብላቸው «ኋላ» ይላሉ፣ ኋላ ሲቀርብላቸው «ነገ» ይላሉ። አሁን ነገ አልቋል።

ስለዚህ ጌታሰው ጠዋት አንድ የመዘዞ ሙክት አረደ። ጎድኑን ገነጠለና ማንደጃውን ግቢው ውስጥ፣ ከአባቱ መስኮት ፊት ለፊት አኖረ። ሽታው ይግባላቸው፣ አምሮታቸው ይቀስቀስ ብሎ ነው። የደብረ ብርሃን ነፋስ የሰው ችግር መች ይገባዋል፤ ሽታውን ሁሉ ጠራርጎ ለጎረቤት ሰጠው።

ቤት ውስጥ የነበረው የባሕር ዛፍ ከሰል ነው። ቶሎ ተቀጣጠለ፣ ተንጣጣ፣ ጮማው ሲንጠባጠብበት ነበልባል አወጣና ሥጋውን ከላይ አጠቆረው፤ ውስጡ ሳይበስል ደግሞ ከሰሉ አመድ ሆኖ አረፈው። ጌታሰው ደህና ደህናውን መርጦ፣ በሳህን አድርጎ ገባ። ቄስ ወልደኪዳን አልጋቸው ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። አንዷን ጎድን አንሥተው አሸተቱና መልሰው አስቀመጧት።

«ይኼ የባሕር ዛፍ ነው። ጭሱ ሥጋው ላይ ቀርቷል። አይሆንልኝም ልጄ።»

ይህን ሌላ ሰው ቢለው ጌታሰው ሰበብ ነው ይል ነበር። አባቱ ግን በከሰል ነገር ሌላ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው፣ ቅዳሴ መሐል፣ የዕጣን ጽና ውስጥ የገባ የባሕር ዛፍ ከሰል ተፈናጥሮ ልብሰ ተክህኗቸውን በስቶባቸዋል ይባላል። ከዚያ ወዲህ ለጽናው የሚሆነውን የአረርቲ ግራር ከሰል ከራሳቸው በቀር ማንም እንዲመርጥ ፈቅደው አያውቁም። ሁለት ስባሪ ወስደው እርስ በርሱ ያጋጩታል፤ እንደ ሸክላ ከጮኸ ይቀበሉታል፣ ድምፁ ከታፈነ ያመጣውን ሰው ከነቅርጫቱ ይመልሱታል። በዚህ የተነሣ ስንቱን ዲያቆን አስለቅሰዋል። ጌታሰው ታዲያ የአባቱን ቃል እንዴት ይጠራጠር? እንዲያውም ልቡ ቀለል አለው። ጥፋቱ የከሰሉ ከሆነማ ከሰል ይለወጣል።

ሁለተኛው ከሰል ሰፈር ካለው ሱቅ መጣ። ከመጋዝ ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ፣ መሐሉ ቀዳዳ ያለው ነው፤ ባለሱቋ ማርያማዊት «ጭስ የሚባል አያውቅም፣ ደግሞ ይቆያል» ብላ አመስግናዋለች። ስለ መቆየቱ አልዋሸችም። ለመያያዝ ራሱ ስንት ዘመን ፈጀ! ጌታሰው ተንበርክኮ እፍ ሲል፣ በካርቶን ሲያራግብ፣ ዓይኑ እስኪያብጥ ሲታገለው ቆየ። ሲያያዝም ደብዘዝ ብሎ ነው፤ ሙቀቱ ሥጋውን ቀስ አድርጎ ያደርቀዋል እንጂ አይጠብሰውም፣ ነፋስ በመጣ ቁጥርም ነጭ አመድ ይበትንበታል።

«ይኼ ደግሞ ከሰል ነው ጡብ?» አሉ ቄስ ወልደኪዳን ሳህኑን ሲያዩ። ከንፈራቸው ድረስ አስጠጉና ተዉት። «ፍም የሌለው እሳት ነው። ሥጋው ደርቋል።»

ሚስቱ እናናየሁ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ጌታሰው ሲወጣ ተከትላው ወጣችና ከሳህኑ አንድ ጉራሽ ቀመሰች።

«ምንም አልሆነም እኮ። ስማ ጌታሰው፣ ነገሩ እውነት ከከሰሉ ይመስልሃል?»

«እና ከምን ይሁን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ግን እኒህ ሰውዬ…»

«አባቴን ካንቺ ይልቅ አውቃቸዋለሁ!» ብሎ ጮኸባት። ጮኾባት አያውቅም ነበር። እሷም ጋን ላጥብ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ጌታሰው አፈረ፤ ፈራም። የፈራው ያልጨረሰችውን ነገር ነው። እንዳትጨርስበት ብሎ ጃኬቱን እንኳ ሳይደርብ ከግቢው ወጣ።

ፀሐይ ዘንበል ብላለች። ባጃጅ ይዞ ገበያው ዳር ደረሰ፤ በቅበላ እሑድ ሁሉም በጊዜ ወደ ቤቱ ገብቶ ከሰል ተራው ጭር ብሏል። አንዷ ሻጭ ብቻ ቀርታ ማዳበሪያዎቿን በሸራ ትሸፍን ነበር።

«የአረርቲ ግራር አለሽ? የእውነት የአረርቲ?»

«ነገ ና ወንድሜ፣ ዘግቻለሁ።»

«ነገ አይሆንም። እባክሽ፣ በማርያም! ነገማ ምን ያደርግልኛል?»

ሴትዮዋ ፊቱን አየችና ሸራውን ገለጠች። ሁለት ስባሪ አንሥቶ አጋጨ። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠው። ጌታሰው እዚያው፣ ሰው እያየው፣ ከሰሉን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘው። ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲመለስ ባጃጅ አጣ፣ በሩጫ ሄደ። «ሥላሴ፣ አንድ ጉራሽ ብቻ» ይል ነበር እየሮጠ። «አንድ ጉራሽ ትውረድላቸው፤ ሌላ አልጠይቅም።»

ግራሩ ከሰል ነው እንግዲህ! አልተንጣጣ፣ አላጨሰ፤ ቀይ ፍም ሆኖ ረግቶ ተቀመጠ። ጮማው ሲንጠባጠብበት ቸስ ይላል እንጂ ነበልባል አያወጣም። ጎድኑ ቀስ እያለ ወርቅማ ሆነ፣ ነፋሱም እንደ ማዘን ብሎ ቆመለት፣ ሽታው በመስኮቱ ገባ። ጌታሰው ሳህኑን ይዞ ገባ።

ቄስ ወልደኪዳን ሥጋውን አላዩም። ያዩት የልጃቸውን ፊት ነው፤ በከሰል ተለቅልቋል፣ ላቡ መስመር መስመር ሠርቶበታል።

«ግራር ነው» አሉ።

«አዎ አባባ! የአረርቲ ነው።»

«አገኘኸው በለኛ።» ከዚያ ባረኩና ጎረሱ። አላመጡ። ጌታሰው መንጋጋቸው ሲንቀሳቀስ እያየ ትንፋሹን ዋጠ። ሌላ ጨመሩ። «በል እስቲ ውሃ አምጣልኝ» አሉት፤ ተፈትልኮ ወጣ። ውሃውን ይዞ ሲመለስ ሳህኑ ላይ ሁለት የተጋጡ አጥንቶች ብቻ ቀርተዋል።

ጌታሰው ጉልበታቸውን ሳመ። ወደ ግቢው ወጥቶ እናናየሁን በአመዳም እጁ አቀፋት። «አባባ በሉ! ነግሬሽ አልነበር! ከሰሉ ነው!» እሷም ዓይኗ እንባ ሞላ፣ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ከንጋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰው ጌታሰው አሁን ገና ራቡ ተሰማውና አንድ ጎድን ቆሞ ጋጠ። ለአባቱም ትኩሱን ጨምሮ ገባ።

ቄስ ወልደኪዳን ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል። ይበርዳቸዋል ብሎ ጋቢውን ሊያለብሳቸው ሲስብ፣ ከጋቢው እጥፋት አንድ ነጭ መሐረብ ወደቀ። ተፈታ። ውስጡ ሥጋ ነበር፤ ተላምጦ ተላምጦ ጭማቂው ያለቀ፣ ነጭ ጭራሮ የሆነ ሥጋ። ሁሉም እዚያ ነው። አንዲት ጉራሽ እንኳ አልወረደችም።

«አባባ?»

አልተኙም ነበር። ፊታቸውን ሳያዞሩ መለሱለት።

«ጥብሱ ጥሩ ነው ልጄ። ሦስቱም ጥሩ ነበሩ። የማይወርድልኝ እዚህ ጋ ነው።» ጉሮሯቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ከጥምቀት ወዲህ ጠጣር ነገር አላለፈም። አሁን አሁን አጥሚቱም እየተናነቀኝ ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም? ለሐኪሙስ ለምን ሸሸጉት?»

«ሐኪሙማ ገብቶታል። ሲያየኝ ዓይኑን ሲሸሽ አይቼዋለሁ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንተ ግን ከሰል ስትለዋውጥ ሳይህ ጨከን ማለት አቃተኝ። ገና የሚለወጥ ነገር ያለ መስሎህ ነበር። እኔም እንዲመስልህ ፈለግሁ። ብቻ ይምሽልኝ እያልኩ ነው የዋልኩት። ነገ ጾም ይገባል፤ ከነገ ጀምሮ ለምን አይበሉም ብሎ የሚጠይቀኝ የለም።»

ጌታሰው የያዘውን ሳህን የት እንደሚያኖረው ጠፋው። እንደያዘው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ከግቢው የእናናየሁ ድምፅ መጣ፤ ደስታዋ ገና አልበረደም።

«አባባ! ፍሙ ሳይጠፋ የቀረውንም ልጥበስልዎት?»

ሽማግሌው ክርናቸውን ተደግፈው ተነሡ። የልጃቸውን እጅ ያዝ አድርገው፣ ዝም በል እንደ ማለት ጫን አሏት። ከዚያ ባላቸው ድምፅ ሁሉ ወደ መስኮቱ ተጣሩ።

«ጥበሺው ልጄ! ግሩም ነው!»