ሎሚው ውሃውን ሲመታ

ያን ፎቶ ያነሳሁት ወጥ ቤቴ ውስጥ ነው። ዓሣ ይቀመጥበት የነበረ የመስታወት ገንዳ ውሃ ሞልቼ፣ ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ ሰቅዬ፣ በአንድ እጄ ሎሚ እየጣልኩ በሌላው የካሜራውን ቁልፍ እየተጫንኩ አሥራ አንድ ቀን ለፋሁ። ወለሉን በቀን አራት ጊዜ እወለውል ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ሎሚው ውሃው ውስጥ፣ ውሃው በሎሚው ላይ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ቀጥ ብሎ ተያዘልኝ።

የልጄ ባል አየው። የሰርግ ፎቶ አንሺ ነው።

«አባባ፣ በትልቁ ላሳትምልዎት» አለኝ።

ሰጠሁት። በሁለተኛው ወር መጽሔት ላይ ወጣ፤ ከሥሩ የእሱ ስም።

ልጄን ጠየቅኳት። «አባዬ፣ ለሥራው ብሎ ነው። ላንተ ምን ያደርግልሃል?» አለች።

መጽሔቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ዝም ማለት እችልበታለሁ።

የመጽሔቱ ሰዎች የልጄ ባል ሲሠራ ማየት አማራቸው። ለቅዳሜ ረፋድ ቤቱ ሊመጡ ተቀጣጠሩ። ሐሙስ በሬን አንኳኳ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባባ፣ እንዴት ነበር ያደረጉት?»

«የቱን?»

«ያው፣ የሎሚውን።»

«ያንተን ሎሚ?»

ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው።

ገንዳውንም ጨርቁንም አዋስኩት። የክፍሉን ጨለማ፣ የካሜራውን ርቀት፣ ሎሚው ከየት ከፍታ እንደሚጣል አስጻፍኩት። ሁሉም እውነት ነው፤ ከአንዱ በቀር። ውሃን የሚያስቆመው ካሜራው ሳይሆን ፍላሹ ነው። የፍላሹ ኃይል ሲቀነስ ብልጭታው ያጥራል፣ ውሃው ቀጥ ይላል። ኃይሉ ሲጨመር ብልጭታው ይረዝማል፣ ውሃው ይዝረከረካል። ሰርግ አንሺ ይህን ከየት ያውቃል? ሙሽራ ቆማ ነው የምትነሳው።

«ፍላሹስ?» አለኝ።

«ኃይሉን እስከ መጨረሻው ክፈተው። ውሃ ብርሃን ይወዳል።»

ጻፈው። በሁለት እጁ ጨብጦኝ ወጣ። ዓርብ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ነበረበት፤ ሞክሮ እንደማያይ አውቄያለሁ።

ቅዳሜ እነሱ ቤት ሄጄ ሳሎኑ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ከመጽሔቱ አንዲት ጋዜጠኛ መጣች። ልጄ መጋረጃውን ዘጋች። ሎሚው ተጣለ፣ ፍላሹ ዓይናችንን አጭበረበረው። ኮምፒውተሩ ላይ የታየው ጉም ነው፤ ጉሙ መሃል ቢጫ ነገር።

«መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል» አለ የልጄ ባል።

ሠላሳ ጊዜ ደጋገመው። ምንጣፉ ራሰ።

«ዛሬ ሎሚው ሰው ፈርቷል መሰለኝ» አለች ጋዜጠኛዋ።

አጠገቤ መጥቶ ጎንበስ አለ። «አባባ፣ ያግዙኝ እንጂ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ባለፎቶው አንተ አይደለህ?»

«አባዬ፣ በቃ» አለች ልጄ።

ጋዜጠኛዋ መጻፏን ትታ አየችን። እሱ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ፎቶው የእሳቸው ነው» አለ። «እኔ አይደለሁም ያነሳሁት።»

ስሜን ጠየቀችኝ። ፊደል በፊደል ነገርኳት፤ የጻፈችውንም አሳየችኝ።

«ታዲያ አሁን ያሳዩናል?»

«ቤቴ ይምጡ። እዚህ አልሠራም።»

ኮቴን ለበስኩ። ልጄ ፊቷን አዞረች፤ አልሸኘችኝም። እሱ ግን እስከ በሩ ተከተለኝ።

«ምኑን ነው የሳትኩት፣ አባባ?»

«ምንጣፉን ፀሐይ ላይ አስጣው» አልኩት።