በሁለት ኩሽኔታ መሀል

ልጄ ሙንተሲር፣ ታጣቂዎች እየመጡ ነው ሲባል፣ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ወደ አምባሰል ተራራ ከመሸሹ በፊት ከባጃጁ የፊት ጎማ ውስጥ አንዲት የብረት ቱቦ አውጥቶ ሰጠኝ። ቁመቷ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሀል ገብታ እንዳይጠጋጉ የምታደርግ ናት፤ ስፔሰር ይሏታል።

«እማ፣ ይቺ ከሌለች ባጃጁን ማንም አይወስደውም» አለኝ ጎማውን መልሶ እየገጠመ። «ቡሎኑ ከጠበቀ ጎማው አይዞርም። ከላላ ደግሞ ይወላገዳል። የራዚያ መውለጃ ቀን ሲደርስ ጋሼ አያሌው ይገጥማታል።»

«ብትጠፋብኝስ? ከአሮጌ ሸበጥ ቆርጬ ባስገባ አይሆንም?»

«ጎማማ ሲጠብቅ ይጨፈለቃል። ትንሽ ይሄድና ኩሽኔታው ግሎ ይነክሳል፤ ጎማውም ቀጥ ይላል። ብረት ነው የሚሆነው።»

«ቤቱ ቢቃጠልስ?»

«ብረት አይቃጠልም እማ። አብሽሪ» ብሎኝ ሄደ።

ራዚያ ሚስቱ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ልጁ አልተረፈም፤ ደሙ አልቆም ብሎ እሷም የተረፈችው ለጥቂት ነው። ከእንግዲህ ቤት ውስጥ እንዳትወልድ ተብላለች። ጤና ጣቢያው ተዘግቷል። አዋላጇ ጸዳለ ግን ደም የሚያቆመውን መርፌ ይዛ ሐይቁ ዳር ዘመዶቿ ቤት እንደተቀመጠች ሰምተናል። ራዚያ እዚያ ድረስ በእግሯ አትችልም፤ ቃሬዛ የሚሸከም ጎረምሳም ከሰፈሩ ጠፍቷል። የቀረን ባጃጁ ነበር።

ቱቦዋን የት ላድርጋት? ዱቄት ውስጥ እንዳልል፣ ታጣቂዎቹ ዱቄት ይወስዳሉ። ፍራሽ ውስጥ እንዳልል፣ ፍራሽ ይቀድዳሉ። መሬት እንዳልቀብር፣ የተቆፈረ አፈር ራሱ ይናገራል። በመጨረሻ የስፌት መኪናዬ ላይ ገጠምኳት። በእግር የሚዘወረው ትልቁ መሽከርከሪያ በዘንጉ ላይ እየሸሸ ቀበቶው ሲወልቅብኝ፣ ከሸበጥ የቆረጥኳቸውን ክቦች በመሀል አስገብቼ ነበር ለዓመታት የሠራሁት። እነሱን አውጥቼ ቱቦዋን በቦታቸው አስገባኋት። መኪናዬ እንደዚያ ጸጥ ብላ ሠርታ አታውቅም።

ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት የራዚያ ምጥ ጀመረ። ጋሼ አያሌውን ልጠራ ነጠላዬን ስፈልግ የግቢው በር ተንኳኳ። ሁለት ታጣቂዎች ነበሩ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ እጁ በሻሽ የታሰረ። ረጅሙ ጀሪካን ይዟል።

«ባጃጁ የማን ነው?»

«የልጄ።»

«የት አለ?»

«ዓረብ አገር።» ካቻምና እዚያ ነበር፤ መዋሸቱን ያቀለለልኝ ይኸው ነው።

«ቁልፉስ?»

«እሱ ጋ።»

ረጅሙ ወደ ባጃጁ ሄደ። እጁ የታሰረው ተከትሎኝ ገብቶ ቦርሳውን የስፌት መኪናዬ ላይ ጣለው። «እማማ፣ ማንገቻው ተበጥሷል። ስፊልኝ።»

ተቀምጬ መርገጥ ጀመርኩ። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ፤ ዓይኑ ከመሽከርከሪያው ጋር ትክክል። ቱቦዋ ስትዞር ትብለጨለጫለች። ከጓዳ የራዚያ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ ነጠላዋን ነክሳ እንደያዘች አውቃለሁ። ያ ረቢ፣ ዛሬን ብቻ።

ረጅሙ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። «አጠብቀዋለሁ፣ አይዞርም። አላላዋለሁ፣ ይጨፍራል። ውስጡ የነበረው ነገር ወጥቷል።» ወደ እኔ ዞረ። «ምን አውጥታችሁበታል?»

«እኔ ስለ ጎማ ምን አውቃለሁ ልጄ?»

«መነጽርሽን ሲያዩት የተማርሽ ትመስያለሽ።»

«እስከ አሥራ ሁለት ተምሬያለሁ። ስለ ባጃጅ ግን አላስተማሩንም።»

ቁጢጥ ያለው ሳቀ። ረጅሙ አልሳቀም። «ትንሽ ቱቦ ብጤ ባገኝ ቆርጬ እገጥማለሁ» አለና ቤቱን በዓይኑ ይበረብር ጀመር፤ የመጋረጃውን ዘንግ፣ የአልጋውን እግር፣ የጀበናውን ማስቀመጫ። ማንገቻው ተሰፍቶ አልቋል። ግን እግሬን ካነሳሁ መሽከርከሪያው ይቆማል፤ ከቆመ ቱቦዋ ወለል ብላ ትታያለች። በተሰፋው ላይ ደግሜ ሰፋሁ። ሦስተኛም ሰፋሁበት።

«አልበቃውም?» አለ ቁጢጥ ያለው።

«ተሸክመህ የምትሄድበት ነው፤ ይጥበቅ።»

የረጅሙ ዓይን ወደ ታች፣ ወደ እግሬ መውረድ ጀመረ። ያኔ እጄ ሳላዘው ከመሳቢያው የሸበጥ ክቦቹን አወጣ። «ይሄ አይሆንህም? መሀላቸው ባዶ ነው።»

ተቀበለኝ፤ ደራረባቸው፤ በጣቱ ለካቸው። «ይሆናል» ብሎ ወጣ። ጓደኛው ቦርሳውን አንስቶ ተከተለው።

ብዙም ሳይቆይ ጎማው ዞረ። ከጀሪካናቸው ቤንዚን ጨመሩበት፤ ሽቦ አገናኝተው አስነሱት። በሩ ላይ ቆሜ ሳያቸው ረጅሙ የሙንተሲር እኩያ እንደሆነ አየሁ። ቁልቁለቱ ላይ ቢነክስባቸውስ? ቢገለበጡስ? ቢተርፉና ተመልሰው ቢመጡስ? ከሁሉም የቱን እንደምፈራ አላወቅሁም።

«ቀስ ብላችሁ ንዱ» አልኩ።

ዞር ብሎ አየኝ። «ምነው?»

«መንገዱ ጉድጓድ ነው።»

ድምፃቸው ሲርቅ የስፌት መኪናዬን ፈታሁ። ቀበቶው ወለቀ። ቱቦዋን ጡቴ ስር፣ የስፌት መኪናውን ዘይት ኪሴ ከትቼ ጋሼ አያሌው ቤት ደረስኩ። ዕድሜውን በጭነት መኪና የጨረሰ ሽማግሌ ነው። ነገሩን ሰምቶ መፍቻዎቹን አነሳ። ሚስቱ ማንጠግቦሽ ራዚያ ጋ ገባች፤ እኛ መንገዱን ተከተልን።

«ብዙ ርቀው ከሆነስ ጋሼ?»

«በሸበጥ አይራቅም ዋሲላ።»

ወደ ሐይቁ መታጠፊያው ሳይደርስ፣ ቦዩ ዳር ባጃጁን ቆሞ አገኘነው። ሰው የለም። የፊት ጎማው ነክሶ አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ጥሏል። ከማዶ በቆሎ የሚሸለቅቁ ሴቶች፣ ሰዎቹ ባጃጁን በእርግጫ መትተውት በሚያልፍ ጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥለው እንደሄዱ ነገሩን። አልሃምዱሊላህ አልኩ። ስለ የቱ እንደሆነ እኔም አልለየሁትም።

ጋሼ አያሌው ጎማውን ፈታ፤ እኔ ባጃጁን በጎኑ ደግፌ ያዝኩ። ሸበጡ ቀልጦ እንደ ዝፍት ሆኗል፤ በሚስማር እየፋቀ አወጣው። «አንዱ ኩሽኔታ ተጎድቷል፤ አልተሰበረም ግን። ዘይት ቢኖር...» ዘይቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ይሄንንም አስበሻል?»

«እኔ ያላሰብኩት ክፉ ነገር አለ እንዴ?»

ቱቦዋን አስገባ፣ ጎማውን ገጠመ፣ ቡሎኑን ጥርሱን ነክሶ አጠበቀ። በእጁ ሲያሽከረክረው እያጉረመረመ ዞረ። ሰዎቹ የተዉትን ሽቦ አገናኝቶ አስነሳውና ወደ ቤት ተመለስን።

ራዚያን ጭነን ስንወጣ ከንፈሯ ነጥቷል። እጇን ይዤ ጆሮዬን ለጎማው ሰጠሁ። በየጉድጓዱ ይጮኻል። ከሐይቁ ላይ ነፋስ ይመጣል፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች በሩቁ ይታያሉ። «ደረስን?» ትላለች። «ደረስን» እላለሁ፤ አልደረስንም።

ጸዳለ በሩ ላይ ተቀበለችን። ልጁ ወዲያው እያለቀሰ መጣ። ደሙም መጣ፤ እንደፈራሁት መጣ። ጸዳለ መርፌውን ወግታ የራዚያን ሆድ እየጨመቀች ቆየች፤ እኔ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨርሼ እንደገና ጀመርኩ። ከዚያ ቀና ብላ «ቆመ» አለች።

ስወጣ ጋሼ አያሌው ባጃጁ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ነገርኩት። አማተበና ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ።

«ይኸው አድርሶናል። አሁንስ ትፈሪያለሽ?»

«መመለሻም አለ እኮ» አልኩት።